የመዝገብ ቤቱ ስፒከር

ጥር 27፣ ማክሰኞ

ዛሬ ደግሞ ሙዚቃ አምሯታል።

ሄቨን፣ አባቷ ድርጅቱን አስረክበዋት ቤት መዋል ከጀመሩ ወዲህ፣ በየወሩ አንድ አዲስ ነገር አታጣም። መጀመሪያ ግድግዳው ሁሉ ግራጫ ይቀባ ተባለ። ቀጥሎ ሠራተኛው ስሙን አንገቱ ላይ ያንጠልጥል ተባለ፤ ድርጅቱ ሲከፈት ጀምሮ እዚህ ያለሁት ሰውዬ ማንነቴ እንዳይጠፋቸው ስሜን አንጠልጥዬ እዞራለሁ። አሁን ደግሞ በየክፍሉ ስፒከር ይግባ። የሆነ ሆቴል አይታ ነው።

«ጋሼ፣ ሰው ሙዚቃ እየሰማ ሲሠራ ይነቃቃል» አለችኝ። «ማስታወቂያ ሲኖርም እዚሁ ቁጭ ብዬ በማይክ እናገራለሁ። ከክፍል ክፍል መሯሯጥ ይቀራል።»

ከክፍል ክፍል የምሯሯጠው እኔ ነኝ። ጠቅላላ አገልግሎት ማለት ይኸው ነው፤ አምፖል ሲቃጠል ገብረወልድ፣ ውሃ ሲጠፋ ገብረወልድ። ሴራሚክና የባኞ ዕቃ እያስመጣን የራሳችን ባኞ ቤት በየጊዜው ይደፈናል፤ ያኔም ገብረወልድ።

ባለሙያዎች ጠርታ ዋጋ አስነግራ ነበር። ደንግጣለች መሰለኝ፣ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችው። «እርስዎ በርካሽ መጨረስ ያውቁበታል» አለችኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም። ልወጣ በሩ ጋ ስደርስ ደግሞ «ዘንድሮ ሰው መቀነሳችን እንደማይቀር ያውቃሉ አይደል?» ብላ ጨመረችልኝ። ከስፒከር ጋር ምን አገናኘው? ምንም። ቀኑን ሙሉ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

የካቲት 3፣ ሰኞ

መርካቶ ዋልኩ። እግሬ አልቋል። አምፕሊፋየር ተገኘ፤ ሠርግ አዳራሽ ውስጥ የኖረ ነው፣ ጀርባው ላይ የደረቀ የሻማ ጠብታ አለበት። ግን ይሠራል። አራት ማብሪያ አለው፣ እያንዳንዱ ለአንድ መስመር። ስድስት ስፒከር ገዛሁ፣ እነሱስ አዲስ ናቸው።

ማታ። ሽያጭ አዳራሹ ሁለት ስፒከር ይፈልጋል። ሒሳብ ክፍል አንድ፣ ስብሰባ ክፍል አንድ፣ ኮሪደሩ አንድ። አንድ ይተርፋል። ለመዝገብ ቤት ይሁን ብዬ ሄቨንን ጠየቅኳት።

«መዝገብ ቤት ማን አለ?»

«ሰብሌ አለች።»

«እሷማ ዝምታ ትወዳለች። ደግሞ መስኮት ስለሌለው የቆሼ ሽታ እንኳ አይደርስባትም፤ ከሁላችንም ዕድለኛ እሷ ናት» ብላ ሳቀች። «የተረፈውን ይመልሱት።»

ሰብሌ እዚያ ክፍል ውስጥ ከፋይል መደርደሪያ ጋር ተዘግታ መዋል ከጀመረች ዓመታት ሆኗታል። ዝምታ ትወዳለች ያለው ማን ነው? ማንም ጠይቋት አያውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም፤ ግን እኔ ቢያንስ በየጠዋቱ አንኳኩቼ ሰላም እላታለሁ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ከጉዲሳ ጋር ስንሰቅል ዋልን። ጉዲሳ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ሥራ ሲኖር የምጠራው። ኮርኒሱን ሲበሳ ሁለት ቦታ ሳተ፤ አቧራው ሁሉ ዓይኔ ውስጥ ገባ። «ጋሼ፣ ይሄ ዕቃ እኮ ሠርግ ለምዷል» አለኝ አምፕሊፋየሩን እየነካካ፣ «ቢሮ አስገብተኸው ልታሳዝነው ነው።» በሳምንቱ ውስጥ ያሳቀኝ እሱ ብቻ ነው።

ሲመሽ አራቱም መስመር ሠራ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ማይኩን እፍ እፍ አለችበት። ከዚያ «ሰላም ሰላም፣ ይሰማል?» አለች። ይሰማል። ቀኑን ሙሉ ተሰማ። የታርጋ ቁጥሩ እንዲህ የሆነ መኪና ይነሳ፤ እገሌ ወደ ቢሮዬ ይምጣ፤ የሻይ ሰዓት አልቋል። መኪናው የራሷ ሹፌር ያቆመው ነበር።

ምሳ ላይ ሰብሌ አጠገቤ ተቀምጣ «ገብሬ፣ ምንድነው በየክፍሉ የሚዘፈነው?» አለችኝ። «እኔ ጋ ሲደርስ ጉምጉምታ ብቻ ነው። የሚያሙኝ ነው የሚመስለኝ።» ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

የተረፈውን ስፒከር ገና አልመለስኩትም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ሰቀልኩት።

ቢሮ ውስጥ እኔና ሰብሌ ብቻ ነበርን፤ ዓመታዊ ፋይል ልታስተካክል ገብታ ነው። መዝገብ ቤቱና ሒሳብ ክፍሉ በአንድ ግድግዳ ነው የሚዋሰኑት። ግድግዳውን በስቼ ከሒሳብ ክፍሉ መስመር ሽቦ ቀጠልኩና መደርደሪያው አናት ላይ፣ ከውጭ የገባ ሰው ቀና ብሎ ካላየ የማያየው ቦታ ላይ አደረግኩት። ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ማዞሪያ እጇ የሚደርስበት ላይ ገጠምኩላት። መሰላሉን የያዘችልኝ እሷ ናት። «እንዳትወድቅ፣ አንተን ተሸክሜ የት እደርሳለሁ» ትላለች ከታች።

ለሄቨን አንዱ ስፒከር ብልሽት ስላለበት ለነጋዴው መለስኩት ብያታለሁ። ነጋዴው በምትኩ ሽቦ ሰጠኝ ብያለሁ። ሽቦውን በእርግጥም ተጠቅሜበታለሁና ጭራሽ ውሸት አይደለም።

ለሰብሌ ብዬ አይደለም። ማንም ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ አደርገው ነበር። የሄቨን ጸሐፊ አልፊያ ግን ሰሞኑን ሳልፍ «ጋሽ ገብሬ፣ መዝገብ ቤት ፋይል በዛብህ እኮ» እያለች ትስቃለች። ሥራ የፈታ ሰው።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ሁዳዴ ገባ። ዘፈን ቆመ።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ጦርነት ነው። ሒሳብ ክፍሎች ጾም ነው፣ በገና ይከፈትልን ይላሉ። ሽያጮች ጴንጤዎች ይበዛሉ፤ ከበገና በፊት የእኛ መዝሙር ይላሉ። አልፊያ ረመዳን ይዛለች፤ «እኔ አንዱንም አልፈልግም፣ ራሴን ነው የሚያመኝ» አለች። አምፕሊፋየሩ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ነው የሚያጫውተው፤ ማብሪያው መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው። ጠዋት ለሒሳብ፣ ከሰዓት ለሽያጭ ብዬ ከፋፈልኩ። ሁለቱም ወገን አኩርፎኛል። ሄቨን «ጋሼ፣ ርካሽ ነገር እንዲህ ነው» አለችኝ። እሷ ናት በርካሽ ያለችው።

አንድ ደስ የሚል ነገር። ጠዋት የሒሳብ ክፍሉ መስመር ብቻ ሲከፈት በገናው መዝገብ ቤትም ይሰማል። ሰብሌ ማዞሪያውን ከሩብ አታሳልፈውም፤ ውጭ ተሰምቶ እንዳይነቃብኝ ነው የምትጨነቀው። አንኳኩቼ ስገባ ፋይል እየለጠፈች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አባቷ ሸኖ ናቸው፤ በጾም በገና ይደረድራሉ አለችኝ። ዘንድሮ ሳል ይዟቸው አልደረደሩም። «ለፋሲካ እሄዳለሁ» አለች። «ባምላኩ እኮ በየሳምንቱ ይሄዳል። እኔ ነኝ የቀረሁት።» ባምላኩ ወንድሟ ነው፣ ጦር ኃይሎች ሰፈር ጫማ ቤት አለው።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

የሰብሌ አባት ሞቱ። ባምላኩ ለአልፊያ ደውሎ ነገራት። ሰብሌ አታውቅም። ነገ ንጋት ላይ ዘመድ ተሰብስቦ ቤቷ ሊያረዷት ነው፤ ከዚያ ወደ ሸኖ፣ ለቀብር። እስከዚያ እንዳትሰማ አደራ ብሏል። በኋላ እጽፋለሁ።

ማታ። በሥርዓት ልጻፈው።

ሄቨን አልፊያንና እኔን ጠራችን። ሠራተኛው ይወቅና ይጠንቀቅ፣ አንዱ ሳያውቅ ነፍስ ይማር እንዳይላት አለች። ልክ ናት። እኔ በየክፍሉ ዞሬ በጆሮ ልንገር አልኩ። «ጋሼ፣ ለምን ገዛነው ታዲያ?» ብላ ማይኩን አሳየችኝ። ደግሞ አልተዝረከረከችም፤ አልፊያን ልካ ሰብሌ መዝገብ ቤት መሆኗን፣ በሩም መዘጋቱን አስረጋገጠች። ብትወጣ እንዳትሰማ ብላ የኮሪደሩን ማብሪያ ዘጋች። ከዚያ «መዝገብ ቤት ስፒከር የለም አይደል?» አለችኝ።

የለም አልኳት።

ምን ልበላት? መልሼዋለሁ ያልኩትን ስፒከር? ሄጄ ሽቦውን እነቅለዋለሁ ብዬ ወጣሁ። ኮሪደር ላይ ስደርስ ድምፅዋ መጣ። «የሰብሌ አባት አቶ ሀብተማርያም ትናንት ሌሊት አርፈዋል። እሷ አልሰማችም። ነገ ጠዋት ቤቷ ያረዷታል። እባካችሁ እስከዚያ ፊታችሁን አስተካክሉ፣ እንደ ወትሮው ሁኑ።» ጊዜ አልነበረኝም። ማንም ቢሆን አይደርስም ነበር።

ግን አልሰማችም። ከክፍሏ አልወጣችም፣ ድምፅም አላሰማችም። ምሳ ላይ መጥታ አብራን በላች። ሁሉም ሰው በድንገት ደግ ሆኖባታል፤ የሒሳብ ልጆች አጎረሷት፣ እኔም ሽሮ በጎመን ጠቅልዬ አጎረስኳት። ተቀበለችኝ፣ አላመጠች፣ ዋጠች፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። አባቱ የሞተበት ሰው ጉርሻ አይቀበልም። ደግሞ ማዞሪያውን ከሩብ አታሳልፍም፤ በዚያ ላይ እዚያ ያለው የወረቀት መቆራረጫ ማሽን ይንጫጫል። አልሰማችም።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ከሸኖ ገና መመለሴ ነው። ድካም።

ከመሥሪያ ቤት ሽማግሌ ይኑር ተብሎ ንጋት ላይ እኔም ከዘመዶቿ ጋር ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየሟ ደረጃ ላይ ቆሜ ነበር። ባምላኩ አንኳኳ። ወዲያው ከፈተች። ለብሳለች። ነጠላዋን ደርባለች። ከኋላዋ አልጋው ተነጥፏል።

አጎቷ ተናገሩ። ባምላኩ ደረቱን ደቃ፣ አክስቶቿ ጮኹ። ሰብሌ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ «እሺ» አለች። እሺ ብቻ። አንገቷን ደፍታ እጇን ጭኖቿ መካከል አስገባች። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ አላየችኝም።

ደረጃው ላይ ስንወርድ አንደኛዋ አክስት ለሌላዋ «ዓይኗ እንኳ አልራሰም» ስትል ሰማሁ። «በቁሙስ መች ጠየቀችው፣ ልጁ ነው የለፋ።»

ሰው በድንጋጤም ይደርቃል። አንዳንዱ ሰው እንደዚያ ነው። ብዙ አይቻለሁ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ለቅሶ ቤት ዋልኩ፣ ባምላኩ ግቢ በተጣለው ድንኳን። ሰብሌ ሴቶቹ መካከል ትቀመጣለች፣ የመጣ ሰው ያለቅሳል፣ እሷ ጫማውን ታያለች። ባምላኩ ወደ ውጭ ይዞኝ ወጣ። ትልቅ ሰውዬ ነው።

«ጋሽ ገብረወልድ፣ አብራችሁ ነው የምትውሉት። እህቴ ምን ሆናለች? መቃብር ላይ እንኳ አልጮኸችም። ሰዉ ምን እንደሚል ታውቃለህ? ያሳደጋት አባት ነው። ሳትሰማ ትቆይ ብለን የተጨነቅነው፣ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዋን እንዳትሰማ፣ መንገድ ላይ እንዳትወድቅ ብለን ነው። ሰው ሰብስበን፣ ይዘናት እንድታለቅስ። እሷ ግን እሺ አለችን።»

«ድንጋጤ ነው» አልኩት።

«ድንጋጤ ሦስት ቀን ይቆያል?»

ጫማዬን አየሁ እኔም።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

የመዝገብ ቤት ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ፋይል ፈልገው ላኩኝ። ገባሁ። ፋይሉን አገኘሁ። ቀና አልኩ።

ማዞሪያው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል።

የጽዳት ሠራተኛዋ ስትወለውል አዙራው ይሆናል። ጨርቅ ይይዘዋል፣ ቀላል ማዞሪያ ነው፣ ርካሽ ነው። ወደ ሩብ መለስኩትና ወጣሁ። ከዚያ ተመልሼ ወደ ነበረበት አዞርኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ማታ። የጽዳት ሠራተኛዋን ጠየቅኳት። መዝገብ ቤቱ ሰብሌ ከቀረች ወዲህ ተቆልፎ ስለከረመ አልገባሁበትም አለች። ቁልፉ እኔ ጋ እንደሆነ እያወቅኩ ነው የጠየቅኳት።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ሄቨን ዛሬ ስብሰባ ላይ ስፒከሩን አመሰገነች። «የሰብሌን ነገር እንዴት በጥንቃቄ እንደያዝነው አያችሁ? በየክፍሉ እየዞሩ ሹክሹክታ ቢሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ ትሰማ ነበር።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። ከስብሰባው ስወጣ «ጋሼ፣ በርካሽ ያመጡት ነገር ዋጋ ከነገሩን ባለሙያዎች ሥራ በልጧል» ብላ ትከሻዬን ነካች። የሚቀነሱት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የለሁበትም ማለቷ ይመስለኛል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ባኞ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ይቺ ልጅ ማይኩን ባትወድ ኖሮ ምንም አይመጣም ነበር። በአፍ ንገሩ ብያለሁ። እኔ ብያለሁ።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ሰብሌ ሥራ ገባች። ጥቁር ለብሳለች፣ ከስታለች። አንኳኩቼ «እንዴት አደርሽ» አልኳት። «እግዜር ይመስገን።» ማዞሪያው ተዘግቷል፣ ሙሉ በሙሉ። በገናው በግድግዳው በኩል ከሒሳብ ክፍል ይጎመጉማል። የምላት ነገር ነበረኝ። ስቴፕለር አለሽ ወይ አልኳት። ሰጠችኝ።

መጋቢት 29፣ ሰኞ

አልፊያ ዛሬ እንደ ልማዷ አልቀለደችም። «ጋሽ ገብሬ፣ የሰብሌን ስልክ ወንድሟ አያነሳም አሉ» አለችኝ። ረመዳን አልፎላታል፤ ብስኩት እየበላች ነው የነገረችኝ። «ለአርባው ሸኖ ስትሄድ ምን ልትሆን ነው? ሰዉ ሁሉ ጣቱን ሊቀስርባት።» እኔ ምን አውቃለሁ አልኳት። ጮኼባት መሰለኝ።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ሰብሌ ደውላ ቢሮ ና አለችኝ። መሰላሉን አውጥታ ከመደርደሪያው ሥር አቁማዋለች።

«አውርድልኝ» አለች።

ወጣሁ። ያዘችልኝ። ብሎኑን መፍታት ጀመርኩ። ከታች ድምፅዋ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ፋይል ቁጥር እንደምታነብ አድርጋ።

«ዝቅ አድርጌው ነበር፣ እንደ ሁልጊዜው። ስሜን ስሰማ ጨመርኩት።»

ስፒከሩን ይዤ መሰላሉ ላይ ቀረሁ።

«ልወጣ በሩን ያዝኩ» አለች። «ከዚያ እንዴት ሰማሽ ይሉኛል አልኩ። ያዩታል፣ አንተን ያባርሩሃል። አንተ ደግሞ እዚህ ቤት ካልሠራህ የት ትሄዳለህ? ተቀመጥኩ። እስከ ማታ ነው አልኩ፣ እስከ ጠዋት ነው አልኩ። ጠዋት ሲመጡ ግን አልመጣልኝም ገብሬ። እንዴት ብዬ እንደምነግርህ አላውቅም። እዚህ ተቀምጬ ስይዘው ስይዘው፣ በኋላ ልልቀቀው ብል እምቢ አለኝ።»

ወረድኩ። ፊቷን ማየት አልቻልኩም። ይቅርታ አልኳት። ይቅርታ ሲባል እንዴት ትንሽ ቃል እንደሆነ ዛሬ ገባኝ።

«ለባምላኩ ንገርልኝ» አለች። «እኔ ብናገር ሰበብ ፈጠረች ይሉኛል። ከአርባው በፊት ንገርልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ስፒከሩን በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። ስወጣ «ለእኔ ብለህ መስቀልህን አውቃለሁ» አለች። በሩን ዘጋች።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ሰሞነ ሕማማት ነው፤ ሰው ስግደት ላይ ነው። አሁን ሄዶ ይሄን መንገር አይሆንም።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

ጦር ኃይሎች ድረስ ሄድኩ። ሱቁ በፋሲካ ገዢ ተጨናንቋል። ተመለስኩ።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ

ፋሲካ። እንኳን አደረሰሽ ልላት ደወልኩ። ብቻዋን ናት። በየዓመቱ ባምላኩ ቤት ነበር የምትውለው።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ነገ ካልሆነ ሌላ ቀን የለም። ከነገ ወዲያ አርባው ነው።

እዚህ ደብተር ላይ የጻፍኩትን ወደ ኋላ አነበብኩት። ኮሪደር ላይ ነበርኩ ብያለሁ። አልነበርኩም። ሄቨን ማይኩን ስትይዝ ከአጠገቧ ቆሜ ነበር። የሒሳብ ክፍሉ ማብሪያ በእጄ ሥር ነበር፤ ጣቴን ብዘረጋ ይዘጋ ነበር። ለምን ዘጉት ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ሰብሌ ዝቅ አድርጋዋለች፣ አይሰማትም ብዬ አሰብኩ። ጊዜ ነበረኝ። ሙሉ ማስታወቂያውን ቆሜ ሰማሁት።

ሰኞ ለሄቨንም እነግራታለሁ። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ትስማው። ታባርረኝ ከሆነ ታባርረኝ።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

ነገርኩት።

ሱቁ ባዶ ነበር። ፌስታሉን መደርደሪያው ላይ፣ ጫማዎቹ መካከል አስቀመጥኩና ስፒከሩን አወጣሁት። እኔ ነኝ የሰቀልኩት አልኩት። የለም ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። መዝጋት ስችል ያልዘጋሁትም እኔ ነኝ። በዚያ ላይ ጉርሻ አጉርሻታለሁ። ሳላቆም ተናገርኩ፣ ካቆምኩ እንደማልቀጥል አውቄው።

ባምላኩ የጫማ መለኪያው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ይመታኛል ብዬ ነበር። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«መቼ ነው የሰማችው?» አለኝ።

«ማክሰኞ ረፋድ ላይ።»

«እኛ የመጣነው ረቡዕ ንጋት ላይ ነው።»

«አዎ።»

«ሌሊቱን ብቻዋን ነው ያደረችው።» ጠይቆኝ አይደለም። ስፒከሩን አንስቶ አገላበጠው፣ እንደማይሸጥ ጫማ መልሶ አስቀመጠው። «በሩን ስትከፍትልን ለብሳ ነበር። አልጋዋን አንጥፋ። እኔ ደግሞ...» ተነስቶ ሱቁን መዝጋት ጀመረ። ቁልፉ እምቢ አለው፤ እኔ ቆለፍኩለት።

ሚኒባስ ያዝን። እስከ ዓለም ባንክ መስኮቱን እያየ ሄደ። ለምን ተከትዬው እንደሄድኩ አላውቅም፤ ሂድም ናም አላለኝም። ያንኑ ደረጃ ወጣን። እኔ ከበሯ በታች ያለው መታጠፊያ ላይ ቀረሁ። አንኳኳ። ከፈተች።

«እኅቴ» አለ ባምላኩ። «አባታችን ሞተ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያረዳት ሰው፣ እንደዚያው አድርጎ ነው ያላት። ይዟት ገባ። በሩ ተዘጋ።

ከዚያ ሰማኋት። ያ ሁሉ ዓመት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትናገር ነው የማውቃት፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ያላት አይመስለኝም ነበር። «አባዬ» ትላለች፣ «አባዬ»፣ ባምላኩም አብሯት ይጮኻል፣ ግድግዳው አላቆመውም። በየፎቁ በር ተከፈተ። እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ ቆምኩና እኔም አለቀስኩ። ማልቀስ ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም።

ከላይ አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን እየደረበች ወረደች።

«ምንድነው? መርዶ ነው?»

«አዎ» አልኳት። «አባቷ ናቸው።»

«ምስኪን፣ ዛሬ ነው የሰማችው?» ፊቴን አየችው። «አንተስ ምኗ ነህ?»

«የመሥሪያ ቤት ሰው ነኝ» አልኳትና እንድታልፍ መንገድ ለቀቅኩላት።